አደይ አበባና አራቱ በሮች

ወልድያ ውስጥ አክስቴ የኖረችበት ቤት የጣልያን ዘመን ቤት ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ በረንዳው በጥድ ምሰሶ የቆመ፣ ቆርቆሮው ዝገት የበላው። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ነጋዴዎች ነበሩ ይባላል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ቤቱ የቀበሌ ሆነና ለአራት ተከራይ ተሸነሸነ። አንዳንዱ መስኮት ተፈልፍሎ በር ወጣለት።

ቤቱን ባለብዙ ቀለም ያደረገው ይኸው ሽንሸና ነው። ቀበሌ አያድስም፤ ተከራይ ደግሞ የሚቀባው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። አክስቴ ጳጉሜን ሲገባ ኖራ በጥብጣ፣ ቢጫ አፈር ቀላቅላ ግድግዳዋን ትለቀልቃለች። ጎረቤቷ አናጺ ከሥራ የተረፈውን የዘይት ቀለም ያጠራቅማል፤ የአንድ መሥሪያ ቤት በር አረንጓዴ ቀብቶ ከሆነ የዚያ ዓመት በሩ አረንጓዴ ነው። ጡረተኛው ወታደር አንዴ ሰማያዊ ካደረገ ወዲህ ሌላ ቀለም አልነካም። ጫፍ ላይ ያሉት እማማ፣ ቡና ሲፈላ ዱዓ የሚያደርጉልን፣ ደጃፋቸውን በቀይ አፈር ይመርጉት ነበር። ሰፈሩም እኛን ልጆቹን በስማችን አይጠራንም፤ «የሰማያዊው በር ልጅ»፣ «የቢጫው ልጅ» ነበርን።

እኔ ግን የመርሳ ልጅ ነኝ። መርሳ ሞቃት አገር ነው፤ ደጃችን ማንጎና ብርቱካን ነው እንጂ አደይ እንደ ወልድያ ዳገት አይበዛም። እናቴ ለእንቁጣጣሽ አንድ ዘንቢል ፓፓያ አስይዛ በአውቶቡስ ትሰደኛለች። ስሪንቃን አልፈን ወደ ወልድያ ስንቃረብ ዳገቱ ቢጫ ይሆናል፤ የአክስቴ ግቢ ስደርስ ደግሞ ቢጫው እስከ በረንዳው ድረስ ገብቶ ይጠብቀኛል።

ያን አበባ ማንም አልተከለውም። ዘሩ በጋውን አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ ጥቅምት ሲጋመስ ይደርቃል። የሰፈሩ ሴት ልጆች ከእኛው ግቢ ነቅለው ለእኛው «አበባየሆሽ» ይዘፍኑልናል። አክስቴ «በገዛ አበባዬ ታስከፍሉኛላችሁ!» እያለች ድፎዋን ትቆርስላቸዋለች። ወታደሩ በረንዳው ላይ የሰቀለው ቀፎ ነበረው፤ ንቦቹ ከአደዩ ሳይርቁ ይውላሉ፣ የጥቅምቱን ማር ለአራቱም በር ያካፍል ነበር። ከዚያ የሚጣፍጥ ማር እስካሁን አልቀመስኩም፤ ልጅነት አጣፍጦት ይሆናል።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሲገባ እዚያው ቤት ነበርኩ። እስከ ታኅሣሥ 2014 መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። በዚያ እንቁጣጣሽ ማንም ቀለም አልቀባም፤ ልጆቹም ደጅ ለደጅ አልዞሩም። አበባውን የሚነቅለው ስለጠፋ እስከ መስኮቱ ደፍ አደገ። እውነቱን ልናገርና፣ ውበቱን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሐሳባችን እህልና ማገዶ ላይ ነበር። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ አክስቴ በማጭድ አጨደችው፤ የማሽላ እንጀራ ጋገርንበት። ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል፤ አንድ ምጣድ ለማስማት ክንድ ሙሉ ይፈጃል። እማማ የመጀመሪያውን እንጀራ ቆርሰው ለአራቱም በር ላኩ።

በ2015 መስከረም አናጺው ቀለም አላገኘም። ከተቃጠለ ዘይትና ከቀይ አፈር አንድ ቡናማ ነገር ደባልቆ በሩን ቀባ። አስቀያሚ ነበር፤ ሁላችንም አመሰገንነው።

አሁን ቤቱ ይታደስ የሚል ወሬ አለ። አንድ ሰው «ዙሪያውን አንድ ዓይነት ክሬም ቀብተን፣ ግቢውን ኮንክሪት ብናለብሰው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የምታድሱት ሰዎች ሆይ፣ ቆርቆሮውን ቀይሩት፣ የበሰበሰውን ምሰሶ ንቀሉት፣ እግዜር ይስጣችሁ። የበሮቹን ቀለም ግን ለሚኖሩበት ተዉላቸው። ግቢውንም ኮንክሪት አታልብሱት፤ የአደዩ ዘር እዚያው አፈር ውስጥ ነው ያለው።