ብርሃን ያነሰው መቀበያውን ያሰፋል

በጎጃም ደጋ ወደ ሮብ ገበያ የሚሄድ ሰው በሜዳ የበቀለውን ቅጠልና በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለውን ቅጠል ቢያስተያይ አንድ ነገር ያስተውላል። ፀሐይ ሲመታው የሚውለው ቅጠል ብዙ ጊዜ ጠባብና ወፍራም ነው፤ በጥላ የሚኖረው ግን ሰፊና ስስ ነው። ጥቂቱን ብርሃን ለመያዝ ራሱን ይዘረጋልና።

እንዲህ ያለው ብልሃት በምድር ተክል ብቻ የሚገኝ አይደለም። በባሕርና በሐይቅ ውስጥ ያለ ማጉያ መሣሪያ የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ፤ ሊቃውንት ፋይቶፕላንክተን ይሏቸዋል። ሥርም ግንድም የላቸውም፤ ነገር ግን እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። በዓለም ሁሉ በብርሃን ከሚሠራው ምግብ እኩሌታ ያህሉ የእነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ ነው። እነርሱን ትናንሽ የውሃ እንስሳት ይበሏቸዋል፤ እነዚያንም ዓሣ ይበላቸዋል፤ ዓሣውንም ሰው ይመገበዋል።

ብርሃን ግን በውሃ ውስጥ ወደ ታች በሄደ መጠን ይደክማል። ቀዩ ብርሃን አስቀድሞ ይጠፋል፤ ሰማያዊው በጠራ ባሕር ከሁሉ ይልቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከ200 ሜትር በታች ግን ምግብ ለመሥራት የሚበቃ ብርሃን አይገኝም። ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው እነዚህን ጥቃቅን ፍጥረታት አንድ ጊዜ ወደ ላይ፥ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይወስዳቸዋል፤ አብዛኞቹም የሚኖሩበትን ስፍራ ለመምረጥ ኃይል የላቸውም።

ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ወደ ጨለማው ሲወርዱ ብርሃን የሚቀበሉበትን፥ ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ ቀለም ያበዛሉ። ወደ ላይ ወጥተው ብርሃኑ ሲበረታባቸው ደግሞ ይህንኑ ቀለም ይቀንሳሉ፤ የተረፈውንም ብርሃን ወደ ሙቀት ለውጠው በማስወጣት ራሳቸውን ከጉዳት ይጠብቃሉ። ከመካከላቸውም እጅግ ትንሽ የሆነው ፕሮክሎሮኮከስ ይባላል፤ ስለ እርሱም በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለዓለም ተነገረ። ከወገኖቹ አንዱ ብርሃን በበዛበት በላይኛው ውሃ፥ ሌላው ብርሃን ባነሰበት በጥልቁ ይኖራል። ሁለቱም እንደ ስፍራቸው ይሠራሉ እንጂ አይቦዝኑም።

ይህ ነገር በሩቅ ባሕር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በአገራችንም አለ። የጣና ሐይቅ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ጥልቀቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ፥ ግልገል ዓባይና ሌሎች ወንዞች በክረምት ከደጋው እርሻ አፈር ጠርገው ሲያስገቡበት ውሃው ይደፈርሳል፤ ብርሃኑም ሩቅ ሳይወርድ ይታገዳል። በዚያን ጊዜ ጥቃቅኖቹ የሚሠሩበት ብርሃን ያንሳል። እነርሱ ሥራቸውን ሲያጡ የዓሣው ምግብ ይጎድላል፤ ዓሣው ሲጎድል በታንኳ የሚያጠምደው ሰው ቤቱ ባዶ እጁን ይገባል።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሁለት ነገር ተማሩ። ቀን ከብት ሲጠብቅ ውሎ ማታ በኩራዝ የሚያነብ ልጅ፥ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ይዞ ከሚውለው ልጅ ይልቅ ብርሃኑ ጥቂት ነው። ነገር ግን ልቡን ሰብስቦ አንዱን ገጽ በሚገባ ቢያነብ፥ ብዙ ገጽ ገልጦ ልቡ ከሚባክንበት ልጅ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛውም ይህ ነው። ጥቃቅኖቹ ምንም ቢተጉ ፍጹም በሆነ ጨለማ ምግብ ሊሠሩ አይችሉም። እንዲሁም ትምህርት ፈጽሞ የተከለከለ ልጅ ትጋቱ ብቻውን አያድነውም። በተዳፋት መሬት ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ አፈሩን ለእርሻው ያስቀራል፤ በታች ላሉትም ውሃውን ያጠራላቸዋል። ስለዚህ ጥቂት ብርሃን ያለው ይትጋ፤ ብዙ ያለውም የባልንጀራውን አይጋርድ።