ለፈተና የሚቀመጠው ተማሪው ብቻ ነው?

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፈተና ነው። እንዴት እንደሚጠና ግን አልጽፍም፤ እሱን መምህራኖቻችን በየቀኑ ይነግሩናል። እኔ የምጽፈው ቤት ውስጥ ስላሉት ሰዎች ነው። መልስ መስጫው ወረቀት ላይ የሚጻፈው የአንድ ልጅ ስም ነው። ያ ልጅ ግን ከቤት ነው የሚመጣው። የተኛው እንቅልፍ፣ የበላው ቁርስ፣ ማታ የተነገረው ቃል ሁሉ አብሮት ፈተና ክፍል ይገባል።

እንደምታውቁት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና ይፈተናሉ። ዱሮ 10ኛ ክፍልም ብሔራዊ ፈተና ነበረ፤ አሁን ቀርቷል። ስለዚህ ከ8ኛ ቀጥሎ የሚጠብቀን ትልቅ ፈተና የ12ኛ ክፍል ነው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከ100 ልጆች 3 ማለት ነው። ይሄ ዜና በቴሌቪዥን ሲነገር የሰፈራችን ወላጆች ደነገጡ። ከደነገጡ በኋላ አንዳንዱ ልጁን ማገዝ፣ አንዳንዱ ደግሞ ማስፈራራት ጀመረ። የኛ ቤት ሁለቱንም ያየሁት አምና ነው፤ ታላቅ ወንድሜ 8ኛ ክፍልን ሲፈተን።

እኛ የምንኖረው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ማድ ቤት ነው። አባዬ፣ እማዬ፣ አያታችን፣ ወንድሜ፣ እኔና ትንሹ ወንድማችን እዚያው ነን። ለብቻ የሚጠናበት ክፍል የለም፤ ጠረጴዛውም የምንበላበት ነው። ብዙዎቻችሁ ቤትም እንደዚሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ወላጅ ምን ሊያደርግ ይችላል? ብዙ ይችላል! ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሰዓት መስጠት። ክፍል ባይኖርም ሰዓት ሊኖር ይችላል። አባዬ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የሚሠራው። ማታ ሲገባ ዜና ማየት ይወዳል። አምና ከሚያዝያ ጀምሮ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቴሌቪዥኑ እንዲዘጋ አደረገ። እንግዳ ሲመጣ እንኳን ማድ ቤት እሳት ዳር ነበር የሚቀመጠው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ ተገዝቶ ይቀመጥ ነበር። ይሄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወንድሜን ግን ከምንም በላይ ጠቅሞታል። ለምን ቢባል፣ ሁለቱ ሰዓት የሱ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ መጠየቅ። እማዬ ብዙ አልተማረችም፤ ስሟን ነው የምትጽፈው። «እኔ ምን አውቄ ላስጠናው» ትል ነበር። አንድ ቀን እንጀራ እየጋገረች ወንድሜ አጠገቧ ሳይንስ ያነባል። «ምንድነው የምታነበው?» አለችው። «ቅጠል ምግብ እንዴት እንደምትሠራ» አላት። «እሳት የላት፣ ምጣድ የላት፣ በምን ትሠራለች?» ብላ ሳቀች። ወንድሜ የፀሐይ ብርሃን እንደ እሳት ነው፣ ውሃው ከሥር ይመጣል፣ አየሩ በቅጠሉ ይገባል ብሎ አስረዳት። «የቱ አየር?» ስትለው ቆመ። ተመልሶ ደብተሩን አየና «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ጋገራ ባለ ቁጥር ያስረዳታል። እሷም እስኪገባት ድረስ አትለቀውም። ሳያውቀው ያለፈው ነገር ሁሉ የሚገኘው እሷ ስትጠይቀው ነው። ስለዚህ ያልተማረ ወላጅ ማስጠናት አይችልም የሚባለው እውነት አይደለም። «እስቲ አስረዳኝ» ማለት በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ ቃል። እዚህ ላይ ነው ቤታችን የተቸገረው። አባዬ ቴሌቪዥኑን የዘጋው ለወንድሜ ብሎ ነው፤ አፉ ግን አላረፈም። «የጎረቤት ልጅ አንደኛ ወጣ፤ አንተስ?» ይለዋል። «ከወደቅህ አባቴ አለ እንዳትል» ይለዋል። ልቡ እንደዛ አይደለም፤ የሚለው ከፍርሃት ነው። ወንድሜ ግን ግንቦት ላይ እራት መብላት አቆመ። መጽሐፉን ገልጦ አንዱን ገጽ ብቻ ያያል፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ገጹ አይገለበጥም። እኔ አጠገቡ ስለምቀመጥ አይ ነበር። አንድ ምሽት አያታችን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አባዬን ጠሩትና «ልጄ፣ በሬው እያረሰልህ ነው፤ ለምን ትገርፈዋለህ? የሚገረፍ የተኛው አይደለም ወይ?» አሉት። አባዬ ምንም አልመለሰም። በነጋታው ግን ስለ ጎረቤት ልጅ አላወራም። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ደግሞ «እንደሠራህ አይቻለሁ፤ የቀረው የፈተናው ነው» አለው። ወንድሜ ያን ማታ ሁለት ጊዜ ነው እንጀራ የተጨመረለት!

አራተኛ፣ እንቅልፍና ምግብ። ብዙ ወላጅ ልጁ እስከ ሌሊት ሲያነብ ደስ ይለዋል። በኛ ዕድሜ ያለ ልጅ ግን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ያነበብነው አእምሯችን ውስጥ የሚረጋው ስንተኛ ነው። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ልጅ ጠዋት የሚያውቀውን ጥያቄ ይስታል። ስለዚህ «በቃ፣ አሁን ተኛ» የሚል ወላጅም አጋዥ ነው። ቁርስ ደግሞ ሥጋ መሆን የለበትም። ወንድሜ በሶ ጠጥቶ ነው የሄደው። አድሚሽን ካርዱን፣ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ እማዬ ማታውኑ በፌስታል አድርጋ በር ላይ ሰቅላለች። ጠዋት «የት አለ? የት አለ?» የሚባል ነገር አልነበረም።

አምስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ለኔ ግን ትልቁ እሱ ነው። ሥራ። አምና ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ወንድሜ ከቤት ሥራ ነፃ ነበር። ጀሪካን አልተሸከመም፣ ሱቅ አልተላከም። ደግ ነገር ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ሥራው ግን አልጠፋም፤ ወደ እኔ ዞረ። ቦኖ የምወርደው እኔ፣ ትንሹን ወንድማችንን የምይዘው እኔ፣ ዕቃ የማጥበው እኔ። ቢሆንም ሦስት ወር ነው ብዬ ቻልኩት። ወንድሜም አለፈ፤ አሁን 9ኛ ክፍል ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ተፈታኟ እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ «አባዬ፣ እኔ 8ኛ ስፈተን ውሃ ማን ይቀዳል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሁሉም ዝም አሉ። ወንድሜ «እኔ እቀዳለሁ» አለ። አያታችን ሳቁ፤ «ዕቃውስ?» አሉት። «እሱንም እማራለሁ» አለ። አባዬ ግን «እናያለን» ብቻ ነው ያለው። «እናያለን» የሚለውን ቃል የሴት ተማሪዎች ሁሉ የምታውቁት ይመስለኛል። አዎ ማለትም ሊሆን ይችላል፣ እንቢ ማለትም ሊሆን ይችላል።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ሴት ልጅ ለፈተና ስትቀመጥ ጥያቄው ለሷ አይቀልላትም። ከወንዱ ጋር አንድ ወረቀት፣ አንድ ሰዓት ነው የሚሰጣት። ወንዱ ማታ 2 ሰዓት አንብቦ እሷ ዕቃ አጥባ ደክሟት ከተኛች፣ ፈተናው አንድ ዓይነት ቢሆንም ዝግጅቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? የቤት ሥራም እንደዛው ነው። ሲከፋፈል ማንንም አይጎዳም።

ውድ መምህራን፣ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ስለ ውጤት ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራ ክፍፍልም ብትነግሩልን። ከልጅ ይልቅ የመምህር ቃል ይሰማል። ውድ ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ይሄን ጽሑፍ ቤት ሄዳችሁ በቃል ንገሩልኝ። በተለይ ወንዶች፣ ዘንድሮ እህታችሁ 8ኛ ክፍል ከሆነች እስከ ሰኔ ጀሪካኑን እናንተ ያዙት።

የአባዬ «እናያለን» ምን እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ላይ እነግራችኋለሁ። ለዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ተፈታኞች በሙሉ መልካም ፈተና! ሰላም ሁኑ።