የአሥራ አንድ ቀን ሒሳብ

ነሐሴ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ከጣና ዳርቻ ወደ ቤቴ ስመለስ ሦስት ሰዎች ያዙኝ። ሁለቱ የደንብ ልብስ አልለበሱም። አባቴ ያስተማሩኝን ቃል አወጣሁ፦ «በሕግ አምላክ!» በእርሳቸው ዘመን ይህን የሰማ ሰው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም ነበር ይባላል። አንደኛው ሳቀና «ሕጉም አምላኩም እዚያ ይጠብቁሃል» አለኝ።

ከሦስት ቀን በፊት፣ እሑድ ነሐሴ 1 ቀን፣ በባሕር ዳር በተካሄደው ሰልፍ ላይ ጥይት ተተኩሶ ብዙዎች ሞተዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 30 ብሎታል። ልጆቻቸውን በቀበሩ እናቶች ከተማ ውስጥ ተቀምጦ «እኔ እኮ አሥራ አንድ ቀን ታሰርሁ» ማለት ነውር መስሎኝ ለዓመታት ዝም ብያለሁ። አሁንም ቢሆን ያነሣሁት ስለ ራሴ ብቻ አይደለም።

በዚያ ሳምንት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልነበረም። አዋጁ የታወጀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚያዝዘው፣ በሙሉ ጉልበቱ ላይ ነበር። እኔ ግን ዳኛ ፊት ሳልቀርብ፣ ቃሌን ሳልሰጥ፣ ባለቤቴ የምታመላልሰውን የፍልሰታ ሽሮ እየበላሁ ሰነበትሁ። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተባልሁ። ጥፋቴ ምን እንደ ነበር ብጠይቅ «አሁን ደግሞ ጥፋት እንድንፈልግልህ ነው?» የሚል መልስ አገኘሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ የድሮ ወዳጄን፣ ጠበቃ ነው፣ በሐይቁ ዳር ምሳ ጋበዝሁት። ዓሣው እስኪቀርብ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ዘረጋልኝ። የ1952ቱ ሕግ በአንቀጽ 2040 ያለ ሕግ ሥልጣን የሌላውን ሰው ነጻነት የነካ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ጥፋተኛ ነው ይላል። አንቀጽ 2126 ደግሞ ያጠፋው የመንግሥት ሠራተኛ ራሱ እንዲክስ ያዝዛል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ መንግሥትንም መጠየቅ ይቻላል። የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት ከደሙ ንጹሕ ነው። ልዩነቱ ያለው ሠራተኛው ሲያስረኝ ለመንግሥት ጥቅምና በሥልጣኔ ክልል ነው የምሠራው ብሎ በቅን ልቡና ማመን አለማመኑ ላይ ነው። ስሙን እንኳ የማላውቀውን ሰው ልቡናውን መርምሬ ልመጣ ነው እንግዲህ!

(የጥንቱ የቁራኛ ሥርዓት በዚህ ረገድ ሳይሻል አይቀርም። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ከሳሹ ማን እንደ ሆነ ቢያንስ ይታወቃል፤ ሰው ማሠር ማለት ራስንም ማሠር ነበር።)

«ይሁን፣ መታሰርህን በምን ታስረዳለህ?» አለኝ ወዳጄ። ሄጄ ጠየቅሁ። በእስረኞች መዝገብ ላይ ስሜ የለም። በእጄ የነበረው ብቸኛ ወረቀት የክረምት ትምህርት ባለማስተማሬ ክፍያው እንደማይሰጠኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። «ባልታወቀ ምክንያት» ይላል። እንደ መንግሥት መዝገብ ከሆነ፣ ውድ አንባቢ፣ እኔ በነዚያ ቀናት የትም አልነበርሁም።

ካሳውስ? ያጣሁትን ገቢ ማስመለስ ይቻላል። ለውርደቱ፣ ልጄ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ለመግባቷ፣ ሕጉ «የኅሊና ጉዳት» ይለዋል፤ በአንቀጽ 2116 መሠረት ካሳው ከ1,000 ብር አይበልጥም። ሕጉ ሲወጣ ይህ ገንዘብ 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። በጀርመን ያለአግባብ የታሰረ ሰው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቀን 75 ዩሮ ይታሰብለታል። ማወዳደሩ ራሱ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ማንኛውም በሕገ ወጥ መንገድ የታሰረ ሰው ካሳ የማግኘት መብት አለው የሚለውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀብላዋለች፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9ም የጸደቁ ስምምነቶችን የሀገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል።

ወዳጄ ወጪው ከካሳው እንደሚበልጥ አስልቶ ነገረኝ። እኔ ደግሞ «ያለ ፍርድ ከሄደችው ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደችው በቅሎዬ» አልሁት። ከልቤ ነበር። አንድ ዳኛ «አሥረኸዋል፣ መብት አልነበረህም» ብሎ ቢጽፍልኝ ሳንቲሙን ለቤተ ክርስቲያን እሰጠው ነበር።

ታዲያ ለምን አልከሰስሁም? በመጀመሪያው ዓመት ፈራሁ፤ አዋጁ ነበረ፣ ዳግመኛ መታሰር ነበረ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያሉባቸው ምሁራን በጅምላ ሲታሰሩ፣ በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ እስክንድር ነጋ፣ ተመስገን ደሳለኝና ባልንጀሮቻቸው ተይዘው ለአሥራ አንድ ቀን ያህል ቆይተው ያለ ክስ ሲለቀቁ፣ ማስታወሻዬን ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ጀርባ ደበቅሁ። ከዚያ ደግሞ ሚያዝያ መጣ፣ ሰኔ መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ መንግሥት ራሱ ሽብር ፈጽሟል ብለው ተናገሩ፤ እስር ቤቶች ተከፈቱ፤ የምሕረት አዋጅ ወጣ። እንባ በሚታበስበት ወር ለአሥራ አንድ ቀን ክስ መመሥረት የሠርግ ቤት ውስጥ ዕዳ እንደ መጠየቅ ሆኖ ተሰማኝ። ይቅር አልሁ። ማንም ይቅር በለኝ ሳይለኝ! ለእንዲህ ያለው ክስ ይርጋው ሁለት ዓመት ነው፤ ነሐሴ 2010 ሲመጣ የእኔም በር ተዘጋ። በዚህ ራሴን እወቅሳለሁ። ፍርሃቴን ሰው ይረዳልኛል፤ ደስታዬ ግን ያታለለኝ እኔው ፈቅጄ ነው።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በክልላችን እንደ ገና የጅምላ እስር ሲካሄድ ከታሰሩት መካከል ምሁራን ብቻ ሳይሆኑ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግም ነበሩበት። ክሴን ሊሰማልኝ ይችል የነበረው ሰው ራሱ መታሰሩን የሚያስረዳበት ወረቀት ፈላጊ ሆነ ማለት ነው።

ከተፈቱት አንዱ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ምን ላድርግ ብሎ ቤቴ መጣ። እንደሚያሸንፍ አልነገርሁትም። አንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ሰጠሁትና የተያዘበትን ሰዓት፣ አብረውት የተኙትን ሰዎች፣ ስንቅ ያመላለሰችለትን እኅቱን፣ በር ላይ የቆመውን ጠባቂ መልክ እንዲጽፍ ነገርሁት። «ጋሼ፣ ስማቸውን ባላውቅስ?» አለኝ። መልካቸውን ጻፍ አልሁት። እስኪመሽ ድረስ በረንዳዬ ላይ ሲጽፍ ቆየ።