ያላነበቡ ይመስገኑ

የድሮ መጽሔት የመሰብሰብ ሱሴ ከቤተ መጻሕፍት ተጀመረ ብል ያምርብኝ ነበር። የተጀመረው ግን ከሱቅ ነው። በደርግ ማክተሚያ ላይ እኛ ሰፈር ኦቾሎኒ የሚጠቀለለው በርዕዮተ ዓለም ነበር። ባለሱቁ ከ«የካቲት» መጽሔት አንድ ቅጠል ቦጨቅ፣ ሾጠጥ ያደርግና ይሞላልኛል። ኦቾሎኒውን ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው አንድ ትረካ ከመሐሉ ይቀበለኛል፤ ሰውየው በሩን አንኳኩቶ ሊገባ ሲል ገጹ ያልቃል። ቀጣዩን ገጽ ሌላ ልጅ ኦቾሎኒ ይዞበት ሄዷል። ያ ሰውዬ ይኸው እስከ ዛሬ ደጅ ቆሟል፤ እኔም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ወደ ሻጭ ስዞር አለሁ።

ስዞር የገባኝ ነገር ቢኖር እነዚህ መጽሔቶች ለእኛ የደረሱት በወዳጆቻቸው ብርታት አለመሆኑን ነው። አንድ የ«መነን» ቅጽ አለኝ፤ በዓሉ ግርማም በአዘጋጅነት የሠራበት፣ በእቴጌይቱ ስም የሚጠራው መጽሔት። የጃንሆይ ፎቶ ከነካባቸው በምላጭ ዙሪያውን ተቆርጦ ወጥቷል፤ ከጀርባው የነበረው ጽሑፍ ሆዱ ባዶ ቀርቷል። ቆራጩ ግድግዳ ላይ ሊሰቅላቸው ይሁን ገደል ሊከታቸው፣ ከአቆራረጡ አይታወቅም። ብቻ አንባቢ ነበር፤ አንባቢ ደግሞ አያስተርፍም።

1968ን እንይ። በ«አዲስ ዘመን» የ«አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ ላይ ግራ ዘመሞቹ በብዕር ስም ይሞሻለቃሉ፤ «ጎህ» መጽሔት ከእጅ እጅ ይዞራል። በ1969 የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ግን ወረቀት ነፍስ ያስከፍል ጀመር። ያነበበ ሁሉ ያነበበውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። እናቶች ፊደል ሳይቆጥሩ የትኛው ወረቀት ልጅ እንደሚያስበላ ለይተው አወቁ። በዚያ ሰሞን ስንት ቤት ሽሮ በዲያሌክቲክስ እንደበሰለ ማን ቆጥሮት! የተረፈው ባለቤቱ ገልጦት የማያውቀው ነው፦ ፍራሽ ሥር የተነጠፈው፣ የቁም ሣጥን መደርደሪያ የለበሰው፣ ለተንጋደደ አልጋ እግር የተደረገው።

በ1985 የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ወጣና «ጦቢያ»፣ «ሩሕ»፣ «ሙዳይ»፣ «እፎይታ» አከታትለው መንገዱን ሞሉት። የሚቀጥለው እትም መቼም አይቀርም ተብሎ ያሁኑን ያስቀመጠ ጥቂት ነው፤ የቀረው ቆሎ ተቋጠረበት። በ2006 ክረምት ደግሞ «ፋክት»፣ «ሎሚ»፣ «ዕንቁ»፣ «ጃኖ» እና «አዲስ ጉዳይ» ባንድ ላይ ክስ ተመሠረተባቸውና ከአዟሪው ክንድ ላይ ጠፉ። የጠፉ ዕለት ተወደዱ።

ለገሃር አካባቢ አንድ ደንበኛ አለኝ። ዋጋ የሚቆርጠው ከመጽሔቱ ሽፋን ላይ አይደለም፤ ከፊቴ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥንታዊ ነው።»

«በኪሎ አይደል እንዴ የገዛኸው?»

«በኪሎ የገዛሁትማ እርስዎ ያላዩትን ነው።»

ተከራክሬ፣ ተሸንፌ፣ ከፍዬ ሳበቃ፣ በንዴትም በጉጉትም፣ «ለመሆኑ አንተ ታነባቸዋለህ?» አልኩት።

«እኔ ካነበብኩማ» አለ ብሩን እየቆጠረ፣ «እርስዎ ምን ይገዛሉ?»