የእህቴ ልጅ የተቀማት ነጥብ

ዛሬ የእህቴ ልጅ ከጥያቄና መልስ ውድድር ፊቱን እንደ ነሐሴ ሰማይ አጥቁሮ መጣ። ጥያቄው «አሊስ ማንን ተከትላ ጉድጓድ ገባች?» የሚል ነበር። እሱ «ፍልፈል» አለ። ተሳስተሃል፣ መልሱ ጥንቸል ነው ተባለ፤ ቡድኑም በአንድ ነጥብ ተሸነፈ።

«ለምን ፍልፈል አልክ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ጥንቸል ከመቼ ወዲህ ነው ጉድጓድ ያላት?» አለኝ።

እስቲ ፍረዱ። ልጁ ጓሳ አፋፍ ላይ በግ ሲጠብቅ ያደገ ነው። የእኛ ጥንቸል አትቆፍርም። ሣር መሀል ተለጥፋ ትተኛና ልትረግጧት ስትሉ ከእግራችሁ ሥር ትፈተለካለች። መሬት ሲምስ የሚውለው ፍልፈል ነው። ቀይ ቀበሮም አድፍጦ የሚጠብቀው እሱንና አይጡን ነው። የእንግሊዝ አገሯ ጥንቸል ሌላ ዘር ናት፤ መሬት ሰርስራ ከነዘመድ አዝማዷ ትኖራለች። ልጁ የአሊስን መጽሐፍ አላነበበም፤ ዓይኑ ያየውን መለሰ። ግማሽ ነጥብ እንኳ አይገባውም? እኔ ዳኛ ብሆን ሙሉ እሰጠው ነበር። (ዳኛ የማያደርጉኝም ለዚሁ ነው።)

የቀሩትን ጥያቄዎች አምጣ አልኩት። የአሊስ ቀሚስ ቀለም ምንድን ነው? የፀጉሯስ? አይ ጥያቄ! ሰማያዊውን ቀሚስ በዓለም ልጆች ልብ ውስጥ የተከለው በ1951 የወጣው የዲዝኒ ፊልም ነው። የምናውቀው ረጅሙ ፀጉር የታተመው መጽሐፍ ሠዓሊ ጆን ቴኒየል የሳለው ነው። ታሪኩ የተነገራት እውነተኛዋ አሊስ ሊደል በልጅነቷ አጭር ጥቁር ፀጉር የነበራት፣ ግንባሯ ላይ የተከረከመች ልጅ ናት። ሁሉም «እብዱ» እያለ የሚጠራው ባርኔጣ ሠሪም መጽሐፉ ውስጥ እብዱ የሚል ቅጽል የለውም፤ ባርኔጣ ሠሪው ብቻ ነው የሚባለው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ አስተያየት መስጫው ላይ ሰባት እየቀነሳችሁ አታድክሙኝ።)

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ኦክስፎርድ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ቻርልስ ዶጅሰን የሚባል ሰው ነበር። ሉዊስ ካሮል የብዕር ስሙ ነው። ጁላይ 4 ቀን 1862 የኮሌጁን አለቃ ሦስት ልጆች በጀልባ ሊያንሸራሽር ይዟቸው ወጣ። ተረት አምጣ አሉት፤ አፉ እንዳመጣለት ቀጠለ። መካከለኛዋ፣ የአሥር ዓመቷ አሊስ፣ ካልጻፍክልኝ ብላ ያዘችው። በእጁ ጽፎ፣ ሥዕሉንም ራሱ ስሎ በ1864 ሰጣት።

እኔ አሊስን የምወዳት በሙግቷ ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ችሎት አስታውሱት። ንግሥቲቱ ቅጣቱ ይቅደም፣ ፍርዱ ይድረስበታል ስትል ያቺ ፍሬ ልጅ ተነስታ ትሞግታታለች። እንዲህ ያለች ልጅ መንዝ ብትወለድ ኖሮ እስከ ሰባት ቤት ቆጥራ ርስት ታስመልስ ነበር። አያቴ አጥር ላይ ለተነሳ ክርክር ስንት ዓመት ሞላሌ እንደተመላለሰ ስለማውቅ ነው የምለው። ለነገሩ ሙግቱን የረታው ከሞተ በኋላ ነው።

ቆይ፣ ያናደደኝ ግን ይሄ አይደለም።

መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1865 ነው። 1865 ሲባል የእኛ አገር ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፤ ምኒልክ ከመቅደላ ያመለጡበት ዓመት ነው። ክረምቱ እንኳ አንድ ነው። እዚያ ቴኒየል ሥዕሎቼ በኅትመት ተበላሹ ብሎ የመጀመሪያውን እትም ሲያስሰበስብ፣ እዚህ የመንዙ የነጋሲ ዘር አሥር ዓመት ከተጋዙበት አምባ ወርደው ወደ ሸዋ ይገሰግሳሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዞች መቅደላ ወጡ። ቀሪውን ልንገራችሁ አልልም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ገደማው ነበር። (አሊስም በሁለተኛው መጽሐፍ ዕድሜዋን ስትጠየቅ ሰባት ዓመት ተኩል ነኝ ትላለች።) አባቱ በገዛ ሽጉጣቸው፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ መንገድ ላይ በሕመም አለፉ። እሱን መርከብ ላይ ጫኑት። በዚያው በ1868 ዋይት በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶ አንሺ ፊት አቀረቡት። ፎቶውን ታውቁታላችሁ፤ ዓይኑን አይቶ የሚያስችለው ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን ስሙኝ። ይህችው ሴት በዚያችው ደሴት በ1872 ማንን አነሳች? አሊስ ሊደልን! ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ ፊቷ ኮስተር ብሏል። የመቅደላው ልጅና የጥንቸሏ ጉድጓድ ልጅ በአራት ዓመት ልዩነት በአንድ ሴት እጅ ፎቶ ተነስተዋል። ይሄ አይጠየቅም። የቀሚስ ቀለም ይጠየቃል።

ገና አልጨረስኩም። አሊስ አርጅታ ባሏ ሲሞት የውርስ ግብር መጣባት። ያንን በእጅ የተጻፈላትን መጽሐፍ በ1928 ለጨረታ አወጣችው፤ በ15,400 ፓውንድ ተሸጠና አሜሪካ ሄደ። በ1946 አሜሪካውያን ገንዘብ አዋጥተው በ50,000 ዶላር ገዙት። በ1948 ሂትለርን ስለተቋቋማችሁ ምስጋናችን ይሁን ብለው ለእንግሊዝ ሕዝብ በነፃ አስረከቡት። ልብ በሉ፣ መጽሐፉን የዘረፈው የለም። ባለቤቷ ወድዳ ሸጣዋለች፣ ዋጋዋንም ቆጥራ ተቀብላለች። ያም ሆኖ ለእንግሊዝ ይገባታል ተብሎ ተመለሰ።

ዛሬ የሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከመቅደላ የተጫኑ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትስ የት ያሉ ይመስላችኋል? እዚያው። የአሊስ ደብተር በ20 ዓመት አገሩ ገባ፤ የእኛዎቹ ይኸው ከ150 ዓመት በላይ ሆናቸው። እነሱን ግን ባለቤቶቻቸው አልሸጧቸውም።

ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞተ፤ ዊንድሶር ተቀበረ። በ2023 አጽሙ ይመለስ ሲባል፣ አጠገቡ ያረፉትን የሌሎችን አጽም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ከቤተ መንግሥቱ መጣ። በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ የተሰጠችው አንዲት ዘለላ ፀጉሩ ናት። የእኛ ልጆች ደግሞ የአሊስ ፀጉር ምን ዓይነት ነው ተብለው ነጥብ ይቆረጥባቸዋል።

ብቻ ደሜ ፈልቷል። እንቅልፍም እንቢ ብሎኛል፤ የመሐል ሜዳ ብርድ ደግሞ ሁለት ባና ደርቤም አልለቀቀኝም።

ለንደን ያላችሁ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች፣ ቤተ መጻሕፍቱ ስትሄዱ ስለ አሊስ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ የመቅደላዎቹንም አምጡልን፣ ልናያቸው ነው በሏቸው። የአንባቢ መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ ቀድማችሁ አውጡ።