ስለ ትዝታና ስለ አደራ

ሰው ሲያረጅ ከገንዘቡ ይልቅ ትዝታውን መቍጠር ይወዳል። ገንዘብ በተቈጠረ ቍጥር ጐድሎ ይገኛል፤ ትዝታ ግን በተቈጠረ ቍጥር እየበዛ ይሄዳል። ዳሩ ግን በዚህ ነገር ውስጥ አንድ የተሸሸገ ተንኰል አለ፤ ይኸውም፥ ትዝታችን ያማረብንን ቀን አጕልቶ ሲያሳየን ያጠፋነውን ጥፋት ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስቀምጥብን መሆኑ ነው። እኔም ዛሬ በወጣትነቴ ስለምወደው አንድ የሙዚቃ ባንድ የምናገረው ደስ ያለኝን ብቻ ለማውራት ሳይሆን፥ በዚያው ደስታ ሥር የቀበርሁትን በደሌን አውጥቼ ለአንባቢ ለማሳየት ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ከጐተራ ወደ ሳሪስ በሚወስደው መንገድ፥ ንፋስ ስልክ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው ቃልን ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚያስተላልፈው የጥንት መሣሪያ የተነሣ መሆኑን ሽማግሌዎች ነግረውናል። በልጅነቴ ይህ ነገር ተረት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን በነፋስ የሄደ ድምፅ ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ ከደጄ ሲደርስ አይቻለሁና የሰፈሬን ስም እንደ ቀልድ አልቈጥረውም።

የምነግራችሁ ባንድ ዋልያስ ይባል ነበር። የተቋቋመው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፥ መሥራቾቹ ቬነስ በተባለው የሌሊት ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ናቸው። በዚያን ጊዜ በነበረው ልማድ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ሀብት ነበር፤ ተጫዋቹም አንድ በአንድ እንደ ቀን ሠራተኛ ይቀጠር ነበር። የዋልያስ ልጆች ግን የገዛ መሣሪያቸውን ገዝተው ውላቸውን በገዛ ስማቸው መዋዋል ጀመሩ። የሰው ሞፈር ይዞ የሚያርስ ገበሬ ባለ ሞፈሩ በቃህ ባለው ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሞፈሩ የራሱ የሆነ ግን ቢያጣ የሚያጣው አንድ እርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ወጣቶቹ የምንወዳቸው ስለ ዜማቸው ብቻ አልነበረም፤ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ሰዎች በመሆናቸውም ጭምር ነው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፥ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፥ መላኬ ገብሬ በቤዝ ጊታር፥ ግርማ በየነም በፒያኖና ዜማ በማቀናበር የታወቁ ነበሩ። ኋላም በሒልተን ሆቴል ተቀጥረው ለዲፕሎማቱም ለነጋዴውም ለእኛም ለድኾቹ ተጫወቱ።

እኛ አራት ባልንጀሮች ነበርን፤ ሁላችንም የንፋስ ስልክ ልጆች፥ ሁላችንም ደመወዛችን ከወር እስከ ወር የማያደርሰን ነበርን። በወር አንድ ጊዜ ከምሳችን ቈጥበን ወደ ሒልተን እንሄዳለን፤ አንዲት ቢራ አዝዘን እርስዋን እስኪነጋ እንጠጣለን። እስኪነጋ ማለቴ ማጋነን አይደለም፤ ዘመኑ የሰዓት እላፊ የታወጀበት ዘመን ስለ ነበረ፥ በሌሊት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ጥይት ያገኘዋል። ስለዚህ የመጣው ሁሉ በሩ ተዘግቶበት ያድራል፤ ሙዚቀኞቹም ሲጫወቱ ያድራሉ። ጎሕ ሲቀድ ወጥተን አብዮት አደባባይን፥ ከዚያም ጐተራን አልፈን በእግራችን ወደ ሰፈራችን እንመለሳለን። አንዱ በአፉ ሳክስፎኑን ሲያስመስል ሌላው በደረቱ ላይ ከበሮ ይመታል። በውነቱ እላችኋለሁ፥ ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና ተሳፍሬአለሁ፤ እንደዚያ የእግር መንገድ ያጠረብኝ መንገድ ግን የለም።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዋልያስ «ቸ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተጫውቶበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውና ዛሬ በውጭ አገር ባንዶች ሳይቀር የሚጫወቱት ዜማ የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው። ሸክላው ዘፋኝ የለበትም፤ የሚናገረው መሣሪያው ብቻ ነው። ይህ ነገር ለምን ልባችንን እንደ ነካው ያን ጊዜ አላወቅንም፤ ዛሬ ግን የገባኝ ይመስለኛል። አንድ ቃል ሰውን በሚያስገድልበት ዘመን፥ ቃል የሌለው ዜማ ሁሉም የየልቡን የሚያስቀምጥበት ዕቃ ቤት ሆኖልን ነበር።

ሸክላውን በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አራታችን አዋጥተን ገዛነው። ማን ዘንድ ይቀመጥ በሚል ክርክር ተነሣና፥ በመጨረሻ ባለ ማጫወቻው ወዳጃችን እንዲይዘው ሆነ፤ የጋራችን መሆኑ እንዲታወቅም አራታችንም በሽፋኑ ጀርባ ስማችንን በየእጃችን ጻፍን። ሦስት ወር አልሞላም፤ ሁለቱ ባንድ ሳምንት ውስጥ ከየቤታቸው ተወሰዱ፤ አልተመለሱም። እናቶቻቸው ልቅሶ እንዳይቀመጡ ተከልክለው በጓዳ አለቀሱ። እኔም የጐረቤት ልጅ ሆኜ ሳለሁ ፈርቼ ሳልደርስ ቀረሁ።

በሚከተለው ዓመት ያ የቀረው ወዳጄ ወደ ሱዳን ለመሻገር ቈረጠ። በሄደባት ሌሊት ዋዜማ ሸክላውን በነጠላ ጠቅልሎ አመጣልኝና «አደራ ወንድሜ፤ ሌላው ንብረቴ ቢጠፋ አልልህም፤ ይህችን ግን ጠብቅልኝ» አለኝ። እኔም «አደራህ በላኤ ሰብእ አይደለሁም፤ እጠብቃለሁ» አልሁት። ቃል መስጠት እንዴት ቀላል ነው!

ዋልያስም አልቈዩም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ሆነው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ሲጨርሱ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኃይሉና ሞገስ፥ መላኬና ግርማ ግን እዚያው ቀሩ። እኔም በየመጠጥ ቤቱ «አገር ጥለው ሄዱ፤ እኛን ለማን ተዉን» እያልሁ ከሚወቅሱት አንዱ ነበርሁ። አደራ ጠባቂው እኔ፥ አደራ በላዎቹ እነርሱ መስለው ታይተውኝ ነበር።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ዓመት በታክሲ ነጂነት ኖረ። ሲነዳ በነበረበት ጊዜ ሁሉ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኦርጋን በመኪናው ውስጥ ይዞ፥ ከአውሮፕላን ጣቢያው ደጅ ተራውን እስኪያገኝ ድረስ ይለማመድ እንደ ነበረ ራሱ ተናግሮአል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር እባክህ አስተውለው። የሚያጨበጭብለት ሰው የለም፤ የሚከፍለውም የለም፤ ሻንጣውን ይዞ የሚገባው መንገደኛ ማን እንደሚነዳው አያውቅም። እርሱ ግን የተሰጠውን መክሊት አልቀበረም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮን የሠራው ካሴት በ2013፥ «ቸ በለው»ም በ2014 በውጭ አገር እንደ ገና ታተሙ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ። ዓለም ሊጠራው በመጣ ጊዜ ጣቶቹ ዝግጁ ሆነው ተገኙ።

እኔስ? እኔ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ምን አደረግሁ? በ2003 ዓ.ም. ልጄን ስድር፥ አንድ አሮጌ ሸክላ የሚፈልግ ደላላ በሰፈራችን ያልፍ ነበር። ስድስት ሺህ ብር ሰጠኝ። ችግር አስገደደኝ ብል ውሸት ነው፤ ድንኳኑ ተከፍሎበት ነበር፤ ጠላውም ተጠምቆ ነበር። የፈለግሁት ከጐረቤቴ ድንኳን የሚበልጥ ድንኳን ነበር። «ሠላሳ ዓመት ያልጠየቀኝ ሰው ዛሬ አይጠይቀኝም» ብዬ ሸጥሁት። ሽፋኑን እንኳ ገልብጬ አላየሁትም።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ወዳጄ መጣ። ጠጕሩ ነጭ ሆኖአል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ሁለተኛው ሲቀዳ «ያች ዕቃ አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ዓይኔን ከረከቦቱ ላይ ሳላነሣ «ቤት ስንቀይር ጎርፍ ገባባት» አልሁት። «ይሁን፤ አንተ ከተረፍህ ይበቃል» አለኝ። ይህ ቃሉ ከስድብ ይልቅ አቈሰለኝ።

በተከታዩ እሑድ በላፍቶ ካንድ ወዳጃችን ቤት ተሰበሰብን። የዚያ ዘመን ወዳጆች የቀረነው ሰባት ወይም ስምንት እንሆናለን። ወዳጄም ከሻንጣው አዲስ የታተመውን «ቸ በለው» አውጥቶ «ያንተ በጎርፍ ስለ ጠፋ ይህ ያንተ ይሁን» ብሎ በእጄ ሰጠኝ። ማጫወቻው ላይ ሲዞር ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጐረምሳ ሆኑ፤ አንዱ ምርኩዙን ጥሎ ተነሣ፤ ሌላው ስለዚያ የቢራ ጠርሙስ እያነሣ ሳቀ። እኔ ብቻ ዜማው እንደ ክስ ጽሑፍ ይነበብብኝ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ መቀመጥ አልቻልሁምና በሰው ሁሉ ፊት «ጎርፍ አልነበረም፤ ሸጬዋለሁ» አልሁ።

ጸጥ አለ። ወዳጄም «በስንት?» አለኝ። ነገርሁት። «ልጅህስ ደኅና ናት?» አለኝ። «ደኅና ናት» አልሁት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና እንዲህ አለ፦ «ዜማው እንደ ሆነ ይኸው ተመልሶአል። የሁለቱ ልጆች እጅ ጽሕፈት ግን ሌላ የትም አልነበረም። እኔ የሰጠሁህ እርሱን ነበር።»

እኔ ይህን ከዚያ ቀን በፊት አላሰብሁትም ነበር። አደራ የተባለው ሙዚቃው መስሎኝ ነበር። ፎቶግራፍ ያልተረፋቸው፥ መቃብራቸው ያልታወቀ ሁለት ወጣቶች በዚህች ዓለም ላይ ስማቸውን በገዛ እጃቸው የጻፉበትን የመጨረሻውን ወረቀት እኔ በድንኳን ለወጥሁት። ዛሬ ያ ሸክላ ባንድ ሩቅ አገር ሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ ሳይኖር አይቀርም፤ ያም ሰው አራቱን ስሞች አይቶ ምን ይሆኑ ይል ይሆናል።

ወዳጄ ይቅር ብሎኛል። ይቅርታ ግን ዕዳን ከባለ ዕዳው ልብ አያወጣውም፤ ደግሞም ባያወጣው ይሻላል። እነሆ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ስንሰበሰብ አንድ ሥርዓት አበጅተናል፤ ሸክላው መዞር ሳይጀምር የሁለቱን ልጆች ስም ከነአባታቸው እኔ ቆሜ እጠራለሁ። በአዲሱ ሽፋን ጀርባ ግን ስማቸውን አልጻፍሁም፤ የእነርሱን እጅ የእኔ እጅ ሊተካው አይችልምና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ስላለፈው ዘመን ስታወራና ስትሥቅ ባለህበት ሰዓት አንድ ጊዜ ቆም ብለህ ራስህን ጠይቅ፤ ከዚያ ዘመን በእጄ የቀረ የማን ዕቃ አለ? በሣጥንህ ሥር ያለችው አሮጌ ዕቃ፥ ዋጋዋ በላይዋ በታተመው ሳይሆን በጀርባዋ በተጻፈው ሊሆን ይችላልና፥ ለማንም ከመስጠትህ በፊት ገልብጠህ እያት።