ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ፍርድ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታስቆጨኛለች» ይላል ያገሬው ሰው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ ተረት የጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። ድንበሩ የተገፋበት የላይ ጋይንት ገበሬ ንፋስ መውጫ ወጥቶ በወረዳው ፍርድ ቤት ይከሳል። ካልረካ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መሬቱ ከስንቁና ከጠበቃ ገንዘቡ ያነሰ ዋጋ ቢኖረው እንኳ ይሄዳል። የሚፈልገው መሬቱን ብቻ ሳይሆን «ተፈረደ» መባልን ነውና።

ይህ ገበሬ አዲስ አበባን አይቶ ባያውቅም የአዲስ አበባ ፍርድ ግን ቤቱ ድረስ ይመጣል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የወረዳ ዳኛ የክልሉን የመሬት ሕግ ሲያነብ የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽም ጎን ለጎን ይገልጣል። የክልል ምክር ቤት ያወጣው አንቀጽ ምን ማለት እንደሆነ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው ማለት ነው።

ለመሬት እንዲህ ከሆነ ለምርጫስ? የ2013ቱ ስድስተኛ ጠቅላላ ምርጫ ሁለት ምሳሌ ትቶልን አልፏል።

አንደኛው የሐረሪ ነው። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ ሲኖረው፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። እነዚህን የሚመርጡት ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ጭምር ናቸው። ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉት ድምፅ አይሰጡም ሲል ጉዳዩ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም የቦርዱን ውሳኔ ሻረው። የአንድ ክልል ምክር ቤት በማን እንደሚመረጥ በዳኞች ብዕር ተወሰነ። የሐረሪ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ከብዙው የአገሪቱ ክፍል ጋር ሰኔ 14 ሳይሆን መስከረም 20 ቀን 2014 ነበር።

ሁለተኛው የባልደራስ ነው። እስክንድር ነጋና ሌሎች የፓርቲው አመራሮች እስር ቤት ሆነው ለዕጩነት ቢቀርቡ ቦርዱ አልመዘግብም አለ። ክርክሩ እስከ ሰበር ሄዶ፣ ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት፣ በግንቦት 2013 ችሎቱ ይመዝገቡ ሲል ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ስለታተመ ለመፈጸም እንደሚቸገር ተናግሮ ነበር፤ በኋላ ግን መዘገባቸው። ዕጩዎቹ አላሸነፉም። ቢሆንም አንድ ነገር ታየ፦ ፍርድ ቤት ቦርዱን «ተሳስተሃል» ሊለው ይችላል፣ ቦርዱም ሊታዘዝ ይችላል። ይህ በአገራችን የምርጫ ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን የዳኞቹ ብዕር የማይደርስበት ቦታ አለ። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 62 የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዳኞች ያሉበት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አይወስንም። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም አገሩ ይህን በዓይኑ አየ። በወቅቱ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩት በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የሚመራው ጉባኤ የሕግ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን አከራከረ። ክርክሩ ደግ ነበር። ውሳኔው ግን ሰኔ 3 ቀን 2012 ከፖለቲከኞች ምክር ቤት ወጣ፤ የምክር ቤቶቹም ዘመን ተራዘመ። ትግራይ ውሳኔውን አልቀበልም ብሎ ጳጉሜን 4 የራሱን ምርጫ አደረገ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ያን ምርጫ እንዳልተደረገ ቆጠረው። ሁለቱም ሕገ መንግሥቱን ጠቀሱ፤ ሁለቱም «ዳኛ» ብለው የሚቀበሉት አካል ግን አልነበረም።

ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። መነሻው ይህ ክርክር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን ያልተፈረደ ነገር የት እንደሚደርስ ንፋስ መውጫ ታውቃለች፤ ሰኔ ላይ ድምፅ የሰጠች ከተማ በነሐሴ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቃ ሰንብታለች። በዚያ ሰሞን ሴቶች የደረሰባቸውን ግፍ ዓለም ሰምቶታል። «ሕገ መንግሥታዊ ትርጉም» የሚባለው ነገር የአዲስ አበባ ምሁራን ወሬ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ጋይንት ይምጣ።

አሁን ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ። የግል ዕጩ ሆኖ መወዳደር የሚፈልግ የላይ ጋይንት መምህር አለ እንበል። የምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት «አትመዘገብም» አለው። እንደ ባልደራስ ጠበቃ ቀጥሮ በአዲስ አበባ ከችሎት ችሎት በሳምንታት ውስጥ ይደርሳል? ከ2015 ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የኖረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ይግባኙ ተሳክቶለት ቢፈረድለት እንኳ «ወረቀቱ ታትሟል» መባሉ አይቀርም። ያኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ኬንያ ይህን ችግር አስቀድማ አስባበታለች። ሕገ መንግሥቷ የፕሬዚዳንት ምርጫ አቤቱታ በ14 ቀን እንዲወሰን ያዛል። በአውሮፓውያኑ 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ምርጫውን ሽሮ እንደገና እንዲደረግ አዘዘ። እዚያም ቢሆን ደም ፈሷል፤ ግን የተሸነፈ ወገን አቤት የሚልበት በር መኖሩንና በሩ መቼ እንደሚዘጋ ያውቃል።

እኛ ዘንድ መጀመር የሚቻለው ከትንሹ ነው። የዕጩዎች ክርክር እስከ መጨረሻው ችሎት ሳይዘጋ የድምፅ መስጫ ወረቀት አይታተም፤ የጊዜ ሰሌዳው በዚህ ልክ ይቀመር። ለምርጫ ጉዳይ ተዘዋዋሪ ችሎት ደብረ ታቦር፣ ቢቻልም ንፋስ መውጫ ይሰየም። አቤቱታ በስልክና በወረዳው ፍርድ ቤት በኩልም ይቅረብ። ይህ ሕገ መንግሥት መለወጥ አይጠይቅም። ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉም የሚለው ትልቁ ጥያቄ ግን የትም አይሄድም፤ በሚቀጥለው ክርክር ተመልሶ ይመጣል።

ለጋይንት ገበሬ በፍርድ መሸነፍ ነውር አይደለም። በቅሎውን ያስረክብና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጭብጦውን ያለ ፍርድ የተቀማ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ቂም ለልጁ ያወርሰዋል። የምርጫ ድምፅም እንደ ጭብጦዋ ነው፦ ስትታይ ትንሽ፣ ስትቀማ ግን የማትረሳ።